የልጅ ልጄና ሐዲድ ላይ የቆመው ሚኒባስ

በልጄ ጋራዥ ውስጥ የልጅ ልጄን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ልጄ «ኢንጂነሯ» ይላታል፤ ሲላት ግን ከንፈሩን ወደ አንድ ወገን ጠምዘዝ አድርጎ ነው፣ ስድብ መሆኑ እንዳይጠፋባት። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ደግሞ «ቴስተሯ» ይላታል፤ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን እንደ ሐኪም አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር። እሷ ለሁለቱም «አቤት» ትላለች። አቤት አባባሏ ግን በር ፊት ላይ እንደ መዝጋት ነው።

የምኖርባት ክፍል በሯ የሚከፈተው ወደ ጋራዡ ግቢ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቤቱ ከፊት፣ ጋራዡ ከኋላ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ጋራዡ በልጄ እጅ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ በረንዳዬ ጫፍ ላይ ቆመ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አያቸዋለሁ። ማን ማንን እንዳኮረፈ የማውቀው ከንግግራቸው ሳይሆን መፍቻ ሲያቀብሉ ነው፤ ሰላም የሆኑ ሰዎች እጅ በእጅ ይቀባበላሉ፣ የተኳረፉ መሬት ላይ ይወረውራሉ። ልጄና የልጅ ልጄ መሬቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርገውታል።

ልጅቷ የሟች ሴት ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ አላሳድግም አላለም። አብልቷታል፣ አልብሷታል፣ አስተምሯታል። አቅፎ ሲስማት ግን አንድ ቀን አላየሁም። እኅቱ እሱ ያልወደደውን ሰው አግብታ ከቤት በወጣች ጊዜ የያዘባት ቂም፣ እሷ ስትሞት መሄጃ አጥቶ ልጅቷ ላይ አረፈ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን መጻፍ ተምሬአለሁና ልጻፈው።

ስምንት ዓመት ሲሆናት ሬዲዮኔን ፈታችው። ልቆጣት ስገባ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግታለች። በጋዜጣው ላይ ሬዲዮኑን በእርሳስ ሥላ፣ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ አስቀምጣታለች። ማታ ገጥማ ስትጨርስ አንዲት ብሎን አልተረፋትም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ብሎን ያልተረፈው ቀን ትዝ አይለኝም።

ካደገች በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ተማረች። ስትመለስ መዳፍ የምታህል የመመርመሪያ ማሽን ይዛ መጣች። የማሽኗን ገመድ ከመሪው ሥር ትሰካዋለች፤ መኪናው በሽታውን በአንድ ፊደልና በአራት ቁጥር ይነግራታል። ኮድ ነው የሚሉት። እሷ ኮዱን መጀመሪያ ደብተሯ ላይ ሳትጽፍ ምንም አትነካም፤ ቀኑን፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ፣ ሁሉን ትጽፋለች።

«ታዲያ ቁጥሩ የተበላሸውን ዕቃ ከነገረሽ ምን ያደክምሻል?» ብያት ነበር አንድ ጊዜ።

«የተበላሸውን አይነግረኝም እማማ። የሚያመውን ቦታ ነው የሚነግረኝ። አንቺ ሆዴን አመመኝ ብትዪ ሐኪሙ ሆድሽን በሌላ ሆድ አይቀይረውም።»

ልጄ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጨፍኖም የትኛው ክፍል እንደደከመ ይነግራችኋል። በዚህ የሚስተካከለው የለም፤ እናቱ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። ኤሌክትሪክ ግን ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለውን ነገር ልጄ ይንቀዋል፤ ይመስለኛል ትንሽም ይፈራዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ መብራት ስትበራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመልሰዋል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ደንበኛው ይሄዳል። ከነቀለው በኋላ ግን መኪናው የጻፈው ሁሉ ይጠፋል፣ ልጅቷም የምታነበው ነገር አይኖርም። ስንት ጊዜ ተጣሉበት መሰላችሁ።

በብሎንም ይጣሉ ነበር። የጋራዡ ደንብ ከአባቱ የወረሰው ነው፦ ከመኪና የወጣ ብሎን ሁሉ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል፤ ሲገጠም ደግሞ ከዚያው እየተፈለገ የገባው ይታሰራል። ልጅቷ ግን ካርቶን ትበሳና በየቀዳዳው ብሎኖቿን በተራ ትሰካለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሱቅ ከፈትሽ?» አላት አንድ ቀን።

«ብሎኖቹ ናቸው ጋሼ። ከየት ከየት እንደወጡ እንዳይጠፋብኝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ ብሎን ጠፍቶብኝ አያውቅም።» ካርቶኑን አነሣና ሁሉንም ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጠው።

እሷ ቆርቆሮውን አጠገቧ ስባ ተንበረከከችና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አንድ በአንድ ስትለቅም ዋለች። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር «አገኘሽ? ያቺ ናት? አይደለችም?» እያለ ሲያሾፍባት አንገቷን ቀና አላደረገችም። ልጄ ደግሞ ቢሮው በር ላይ ቆሞ፣ ይቅርታ እስክትጠይቀው ይመስለኛል፣ ጠበቃት። ሁለቱም ግትሮች ናቸው። ከማን እንደወረሱት አልናገርም።

እንዲህ ሲኗኗሩ ነው የሚኒባሱ ነገር የመጣው።

ሚኒባሱ ጧትና ማታ የሐኪም ቤት ሠራተኞችን የሚያመላልስ ነው። ሾፌሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያጥብ ሰው ነው። ሞተሩ ልጄ ዘንድ ተፈትቶ በደንብ ከተሠራ ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ድርግም እያለ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ሲመጣ ልጅቷ ኮዱን አነበበች፤ ልጄ ቁጥሩ የጠራውን ሴንሰር፣ ለመኪናው ኮምፒውተር ዓይንና ጆሮ የሚሆነውን ዕቃ፣ ቀየረ። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። አሁን ኮዱ ሌላ ነበር። «ገና ነው ጋሼ፣ ሽቦውን ልለካው» ብትል «ኮዱ ያለውን ቀይሪ፣ ኮድ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?» አላት። በዚያን ጊዜ ቸኩላ የአንዷን ሽቦ ልባስ በመርፌ ወግታ ለካች፤ ስትጨርስ በጥቁር ፕላስተር ሸፈነችው። ደህና ሠራተኛ ይህን አያደርግም፣ ውሃ ይገባበታል፤ እሷም ታውቃለች። ሦስተኛ መጣ፣ ሦስተኛ ኮድ፣ ሦስተኛ ሴንሰር። መኪናው ግቢ ውስጥ ሲሆን እንደ ንብ ይሠራል። ልጄ ራሱ ሁለት ዙር ነድቶት «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልሰዋል።

በአራተኛው ጊዜ የጭነት መኪና በገመድ እየጎተተ አመጣው።

ሾፌሩ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አሥራ ሦስት ሰው አሳፍሬ ሐዲድ ላይ ቆመብኝ» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ነርሶቹ ወርደው ነው የገፉት። የባቡሩ ፉጨት ይሰማ ነበር።»

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ኮዱ ያለውን ሁሉ ቀይረናል» አለ ልጄ።

«እኔ ኮድ አልበላም። እናንተን አምኜ ሰው ጭኛለሁ።»

ልጅቷ ማሽኗን ይዛ ከኋላ እየሮጠች መጣች። ስትደርስ ልጄ የባትሪውን ገመድ በእጁ ይዞ ቆሟል። እጇ ላይ ያለውን ማሽን አየች፣ ገመዱን አየች።

«ነቀሉት ጋሼ?»

«ነቀልኩት።»

«ሳላነበው?»

«አንብበሽ አንብበሽ የት አደረስሽን?» ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ወንድሜ፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ሽቦህን በመርፌ ስትወጋጋ የነበረችው እሷ ናት። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ሾፌሩ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «እንደዚያ ነው?»

«አንድ ቦታ ወግቻለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታፍር ጆሮዋ ነው የሚቀላው። «ከዚያ መሆን አለመሆኑን ግን አላውቅም።»

«አየህ» አለ ልጄ። ገመዱን ለቀቀው። «ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ አለሽ። ካገኘሽው አገኘሽው። ካላገኘሽው ማሽንሽንም ካርቶንሽንም ይዘሽ ከግቢዬ ትወጫለሽ። ሰው የምታስገድል ሠራተኛ አልፈልግም።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ልጅቷ ወደ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያቀረብኩላትን አልነካችም። ሌላ ጋራዥ ትሄዳለች ብትሉ፣ በአጎቷ «ሰው ልታስገድል ነበር» ተብላ የተባረረችን ልጅ የሚቀጥር ጋራዥ እኛ ሰፈር የለም። ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ሁሉም ይሰማሉ።

«መርፌው ቢሆንስ?» አለችኝ።

«ቢሆንስ?»

«ከሆነ እኔው ራሴ ለሾፌሩ እነግረዋለሁ። ጋሼ እንዲነግሩልኝ አልፈልግም።» ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ሦስቱ ኮዶች ከነቀናቸው ተጽፈዋል። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እማማ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ቤት በተራ በተራ ውሃ ቢቋረጥባቸው ቧንቧ ሠራተኛው የሦስቱንም ቤት ቧንቧ መክፈቻ ይቀይራል?»

«ሰነፍ ከሆነ።»

«ሦስቱም ሴንሰሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ሽቦ ነው። አምስት ቮልት የሚያመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ። እሱ አንድ ቦታ ብረት ቢነካ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይታወራሉ፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያየውን ይጽፋል። እኛ አጋጣሚ የተጻፈውን ስንቀይር ከረምን።» ደብተሯን ዘጋችና «እኔም የወጋሁት እሱኑ ነው» አለች።

ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋሁት።

በማግስቱ ጧት የመርፌዋን ቀዳዳ ፈታ አየችው። ደረቅ ነበር፣ ግን ቆሞ ያለ መኪና ምንም አይናገርም። እየነዱ መጠበቅ ነበረባት፤ የተነቀለ ባትሪ የሰረዘውን መኪናው እንደገና እስኪጽፈው። ሾፌሩ ቁልፉን አልሰጥም አለ። «እኔ እነዳለሁ። እሷ ማሽኗን ይዛ ትቀመጥ። አንዲት ሽቦ ትንካና ታያለች።»

ነጠላዬን አነሣሁ።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው እማዬ?» አለኝ ልጄ።

«አየር ልቀበል።»

«ከእሷ ጋር?»

«መኪናው ሌላ መቀመጫም አለው» አልኩና ገባሁ። ልጄ በሩን ዘጋብኝ፤ ከሚገባው በላይ አጥብቆ።

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጋቢና ከመስኮቱ በኩል ሆና ገመዷን ከመሪው ሥር ሰካች፤ በእሷና በሾፌሩ መሃል ያለችው ትንሿ ወንበር ባዶ ነበረች። ሾፌሩ በየቀኑ በሚሄድበት መንገድ ነዳ፦ በአደባባዩ፣ በዳገቱ፣ በፈራረሰው አስፋልት፣ እስከ ሐኪም ቤቱ በር፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ። አንድ ሰዓት ነዳን። መኪናው እንደ ተማረ በቅሎ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ምን ይላል?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም አይልም።»

«ደህና ነው ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«እኔ ያልገባኝ» አለ መሪውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ሲሠራም ደህና አይደለም ትያለሽ፣ ሲቆምም ደህና አይደለም ትያለሽ። አንቺ መቼ ነው ደህና ነው የምትዪው?»

«ለምን እንደቆመ ሳውቅ።»

«የመጨረሻዬ ዙር ነው። ከዚህ በኋላ ነዳጄን የማቃጥለው ለሥራዬ ነው።»

እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ሆዴ መገለባበጥ ጀምሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ የኋላ ወንበር አይስማማኝም። ዝም ብዬ ልችለው ነበር፤ ሆኖም ሰውየው በመስተዋቱ ፊቴን አየና ደንግጦ ቆመ። መኪናው ውስጥ እንዳላበላሽበት ነው የፈራው። «እማማ፣ ወደፊት ይምጡ። እዚህ መሃላችን ይቀመጡ።» ወርጄ ወደፊት ወጣሁ። ትንሿ ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ እኔ ደግሞ ቀጭን አይደለሁም።

የፈራረሰው አስፋልት ጋ ደረስን። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዘለልን። ሁለተኛው ላይ ሞተሩ ድርግም አለ።

መኪናው በዝምታ ተንከባለለና መንገድ ዳር ቆመ። ከኋላ ያለ ጭነት መኪና በጥሩምባው ሰደበን። ልጅቷ ማሽኗን ታያለች፤ ሦስቱም ኮዶች አንድ ላይ፣ አንዱ ካንዱ ሥር፣ ተደርድረው መጡ። ስትጽፍ እርሳሷ ወረቀቱን በሳው።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። አልነሣ አለ። ደግሞ አዞረ።

«አንዴ ይተዉት» አለች። ዞራ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሬዲዮኔን ያየችው እንደዚያ ነው። «እማማ፣ እስቲ ተነሺ።»

«የት ልሂድ?»

«የትም። ብድግ ብቻ በዪ። ጣሪያውን ያዢ።»

ብድግ አልኩ። «ያስነሡት» አለችው። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ።

«አሁን ቁጭ በዪ።»

ቁጭ አልኩ። «ትንሽ ወዝወዝ በዪ።» ወዝወዝ አልኩ። ሞተሩ ጠፋ።

«ተነሺ።» ተነሣሁ። «ያስነሡት።» ተነሣ። «ተቀመጪ።» ጠፋ።

አራት ጊዜ ይህን አደረግን። መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች እንደ ጸሎት ስነሣና ስቀመጥ ቆመው አዩኝ። በመጨረሻ ሾፌሩ እጁን ከመሪው ላይ አወረደ።

«ይቅርታ እማማ» አለኝ፣ «ከእርስዎ ጋር የድሮ ጠብ አለው እንዴ ይኼ መኪና?»

«እኔ የማውቀው የለም።»

«እዚህች ወንበር ላይ ማነው የሚቀመጠው?» አለች ልጅቷ።

ሾፌሩ አሰበ። «ማንም አይወዳትም፣ ከታች ሞተሩ ያቃጥላል። አንዲት አዋላጅ አለች፣ ሞላ ያለች ሴት፤ እግሯን ስለሚያማት ኋላ መውጣት ስለማትችል እሷ ናት...» ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። «አንድ ሳምንት ቀን ትሠራለች፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። የሌሊት ሳምንቷን ከእኔ ጋር አትሄድም።»

«የሌሊት ሳምንቷን ቆሞብዎት ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

ግቢ ስንገባ ለምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር። እኔ ወደ ኋላ ወንበር ተመልሼ ነበር፤ መኪናው ሐዲዱን ማቋረጥ ነበረበትና እዚያ ላይ እንዳላጠፋው። ልጄ ቢሮው በር ላይ ቆሟል፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩም መዶሻውን ይዞ ቀረበ። የሰው ልጅ ተባራሪ ለማየት የሚቸኩለውን ያህል ለምሳ አይቸኩልም።

«አገኘሽው?» አለ ልጄ።

«አብረን እንየው ጋሼ።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «እርስዎም ይቅረቡ።»

መጀመሪያ የመርፌዋን ቀዳዳ አሳየች። ፕላስተሩን ላጠች፣ ሾፌሩን በጣቱ አስነካችው። «ይኼ የኔ ጥፋት ነው። ማድረግ አልነበረብኝም፣ በደንብ አሽገዋለሁ። ሆኖም ደረቅ ነው፤ ወንበሩም እዚህ አይደርስም።» ከዚያ ካርቶኗን አመጣችና የመሃለኛዋን ወንበር መፍታት ጀመረች። አንድ ብሎን፣ ካርቶኑ ላይ። ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም የአውራ ጣት አንጓ ያህል አጫጭር ናቸው። አራተኛዋ ስትፈታ አላልቅ አለች። ፈታች፣ ፈታች፣ ወጣች፤ ሙሉ ጣት ታህላለች። ከቀሪዎቹ ጎን ስትሰካት ካርቶኑን አልፋ ወጣች።

ወንበሯን አነሣች። ከሥሯ፣ በሞተሩ መክደኛ በኩል የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ላይ፣ በትክክል የረጅሟ ብሎን ጫፍ በሚያርፍበት፣ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ያብለጨልጭ ነበር። ሰው ሲቀመጥ ብሎኗ ወርዳ ሽቦውን ትነካለች፤ ሲነሣ ትለቀዋለች። ይኸው ነው።

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። «ይህን ወንበር ማነው ያሰረው?»

ልጅቷ ብሎኗን በቁራጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። ከእሷ አፍ ከሚወጣው ይልቅ የልጄ ፊት ነበር የሚያስፈራኝ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። አውቃለሁ፤ ያኔ ራሱ «እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ እግሩን ታጥብለት ነበር።

«ሞተሩ የተፈታው እዚህ ነው» አለ ሾፌሩ። «ማነው ያሰረው አልኩ።»

«ጋሼ ናቸው» አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እሱን እያየች። «ከቆርቆሮው ያገኙትን አስረው ነው።»

«ብሎን ብሎን ነው» አለ ልጄ።

«አሥራ ሦስት ሰው ነው ወንድሜ» አለ ሾፌሩ። ልጅቷ ሽቦውን ጠግና፣ በአጭር ብሎን አስራ እስክትጨርስ ጎኗ ቆሞ ጠበቀና ለማንም ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

በሩ ከመዘጋቱ ልጄ የልጅቷን የሥራ ጠረጴዛ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ መንገድ ማውጣት ጀመረ። መሳቢያው ተከፍቶ ፊውዞቿ በየቦታው ተበተኑ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ። ያበላሁሽ እጄን...» አለ፣ አልጨረሰውም። «ከዚህ ውጪ። እናትሽም እንዲሁ ነበረች።»

«እናቴን አያንሱ ጋሼ።»

«አነሣታለሁ፣ እኅቴ ናት።»

ተነሥቼ ጠረጴዛውን በሌላው ጫፍ ያዝኩት። ትንሽ ጎተተኝ፤ እናቱን እየጎተተ መሆኑ ሲገባው ቆመ።

«ጋራዡ ያንተ ነው» አልኩት። «በረንዳው ግን የኔ ነው። ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው።»

«እሷን ከመረጥሽ እኔን እንደሌለሁ ቁጠሪኝ።»

«ልጄን ከልጄ አላማርጥም። በረንዳ ነው የሰጠኋት።»

ጠረጴዛውን እዚያው ለቀቀው፤ እግሬን ለጥቂት ሳተ። እኔና ልጅቷ እየጎተትን በረንዳው ላይ አወጣነው። ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳውን የሚበላው እኔ ዘንድ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍሌን አልረገጠም። ስንገናኝ «ደህና አደርሽ» ይለኛል፤ ለባዳ እንደሚሉት።

ሾፌሩ ወሬውን ስላሰራጨው ይሁን ሌላ፣ መኪና የያዙ ሰዎች በረንዳዬን እየጠየቁ መምጣት ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ አንድ የሞተ ፒክአፕ አስገፍቶ አመጣና በረንዳዬ ፊት ለፊት፣ ዳር እስከ ዳር፣ አጋድሞ አቆመው። ባለቤቱ ከግጭት በኋላ አስጠግኖት የማይነሣ፣ ወራት የተቀመጠ መኪና ነው። አሁን ወደ ልጅቷ መኪና ማስጠጋት አይቻልም። እኔ ራሴ ውሃ ለመቅዳት ሆዴን ሰብስቤ፣ በፒክአፑ የፊት መከላከያና በግድግዳው መሃል በጎኔ ነበር የማልፈው።

«እንዲያነሣልሽ ልንገረው?» አልኳት።

«ተይው እማማ።»

ደንበኞች መጥተው አይተው ተመለሱ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ የፒክአፑን በር ስታይ ትውላለች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ኮፈኑን ከፈተችው። ልጄ ከወዲያ ማዶ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማሽኗን ብትሰካው መኪናው ሃያ ያህል ኮድ ደረደረላት፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሌላው አልሰማ አለኝ እያለ የሚከስ ይመስል ነበር። ሁሉንም ጻፈቻቸው። ከዚያ ማሽኑን አስቀምጣ በመለኪያዋ ብቻ፣ ከባትሪው ጀምራ፣ ሽቦ በሽቦ ሄደች። ሁለት ቀን ፈጀባት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ጠራችና የመኪናውን የብረት አጥንት አሳየችው። «ይህን ሻንሲ አንተ ነህ የቀባኸው?»

«እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«የማሳውን ሽቦ ቀለም ላይ ነው ያሰራችሁት። ወደ ባትሪው የሚመለሰው ሽቦ ብረት መንካት አለበት፤ ቀለም ላይ ተቀምጦ ከየት ያምጣ?»

ቀጥቃጩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቀለሙ ግን አምሮበታል» አለ። ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። የሳንቲም ያህል ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቀችና ሽቦውን መልሳ አሰረችው።

ፒክአፑ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ቀስ ብላ ከበረንዳዬ ፊት አወጣችው፣ ግቢውን አቋርጣ ልጄ ቢሮ በር ላይ አቆመችው፤ በሩ እስኪከፈት ብቻ ቦታ ትታ። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ትታ ሳትቸኩል ተመለሰች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ጠረገች።

ልጄ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ አስነሣው። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አጠፋው። በዚያ መሃል አንድ ሰው ዳሽቦርዱ ቢጫ መብራት የሚያበራ መኪና ይዞ ከበሩ ገባና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ የት ናት?» አለ። ልጄ በአገጩ ወደ በረንዳዬ አመለከተውና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሳህን አቀረብኩ። የበላነው ሁለታችን ነን።